የሳምንቱን የንባብ ግኝት ለወዳጆች ማካፈል፦ ከመልቀም እስከ መልስ

የመጽሐፍ ሽፋን ፎቶ አንስቶ «ግሩም መጽሐፍ ነው፣ አንብቡት» ብሎ መላክ ቀላል ነው። የሚመጣው መልስም ያንኑ ያህል ቀላል ነው፤ አንድ የጭብጨባ ምልክት፣ ከዚያ ዝምታ። ላኪው መጽሐፉን እንቅልፍ አጥቶ ጨርሶት ይሆናል፤ ተቀባዩ ዘንድ የደረሰው ግን ሽፋኑ ብቻ ነው።

ታሪክ፣ ሳይንስ፣ ግለ ታሪክ፣ ጉዞ፣ ኢኮኖሚ የሚያነቡ ሰዎች የመጽሐፍ ጥቆማ አይቸግራቸውም። ዝርዝሩ በየቦታው ሞልቷል፤ ገዝቶ ያላነበበው መጽሐፍ የሌለው አንባቢም የለም። የሚጎድላቸው ከመጽሐፉ ውስጥ ተለይታ የወጣች፣ የተጣራች፣ ምንጯ የታወቀ፣ ያነበበው ሰው ለምን እንደነካችው የነገረላት አንዲት ነገር ናት። እሷን በሳምንት አንዴ አዘጋጅቶ ማድረስ፣ ከንባቡ ውጭ፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። እዚህ የምናሳየው ያንን ሥራ ነው። ከግኝቱ ጋር አብሮ የሚላከው የሳምንቱ ትንሽ ደስታ ደግሞ የራሱ ቦታ አለውና በተራው እንመጣበታለን።

መልቀም

ግኝት የሚጠፋው በመርሳት ነው። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት እየሸመደደ በራሱ ላይ ባደረገውና እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ ከምንረሳው አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና በመጀመሪያው ቀን እንደሚጠፋ አሳይቷል። ትርጉም ያለው ጽሑፍ ከዚያ የተሻለ ዕድሜ አለው፤ ቢሆንም ሰኞ ያስደነቃችሁ ነገር ዓርብ ሲደርስ «የሆነ ቦታ አንብቤ ነበር» ወደሚል ይወርዳል። ምልክቱ መደረግ ያለበት መጽሐፉ እጃችሁ ላይ እያለ ነው።

የራሳችሁ መጽሐፍ ከሆነ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንድ ነጥብ አድርጉ፤ በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ደግሞ የገጹን ቁጥርና ሦስት አራት ቃላት ጻፉ፤ ለምሳሌ «142፦ የፓምፑ እጀታ ዘግይቶ ተነቀለ»። ሥራውን የሚሠራው ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው። በቀለም ብቻ የተሰመረ መጽሐፍ ከሳምንት በኋላ ሲገለጥ ሃምሳ ቢጫ አንቀጾች ያሳያል እንጂ ለምን እንደተሰመሩ አይናገርም። ሦስቱ ቃላት ግን ምክንያቱን ይዘው ይቆያሉ።

የተዋሳችሁት መጽሐፍ ከሆነ ጣት ያህል ስፋት ያላቸው የወረቀት ቁራጮች ቆርጣችሁ በገጾቹ መካከል አስገቡ፤ ቃላቱንም በቁራጩ ራስ ላይ ጻፉ። ተለጣፊ ወረቀት አትጠቀሙ፤ ሲነሣ ሙጫው በገጹ ላይ ይቀራል፣ በአሮጌ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀለሙን ይዞ ሊነሣ ይችላል። የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ በፊደሉ መጠን ልክ የገጽ ቁጥሩ ሊለዋወጥ ስለሚችል የምዕራፉን ቁጥርና የዓረፍተ ነገሩን የመጀመሪያ አምስት ቃላት ያዙ፤ ማንም በፍለጋ ያገኘዋል። በድምፅ የምታዳምጡ ከሆነ ምዕራፉንና ደቂቃውን ወዲያው መዝግቡ፤ የሰው ስምና ቁጥር ካለበት በኋላ ከታተመው ጋር ሳታመሳክሩ አትጻፉት፤ ጆሮ 15ን ከ50 ያምታታል።

በአንድ መቀመጫ ከሦስት ምልክት በላይ አታድርጉ። አራተኛው ሲመጣ ከሦስቱ አንዱን ሰርዙ። ይህ ጥብቅ ይመስላል፤ የሳምንቱን መጨረሻ ምርጫ የሚያቀለው ግን እሱ ነው።

መምረጥ

ከመላኪያው ቀን በፊት ባለው ምሽት አሥር ደቂቃ መድቡ፤ የለቀማችኋቸውን አውጥታችሁ አንድ ብቻ ምረጡ። ሁለት ብትልኩ ወዳጃችሁ የቱን እንደሚመልስ ሲያመነታ ሁለቱንም ይተዋል።

የመጽሐፉን ዋና ሐሳብ አትምረጡ። ደራሲው 300 ገጽ የፈጀበትን ሙግት በአንድ አንቀጽ ስትጨምቁት የሚቀረው መፈክር ነው። ያማረ ጥቅስም ብቻውን ደካማ ግኝት ነው፤ «እውነት ነው» ከማለት በቀር መልስ አይጋብዝም። የተሻሉት ሌሎች ናቸው፦ አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ዝርዝር፣ ከደንቡ ያፈነገጠ ጉዳይ፣ ሁለት ባለሙያዎች ያልተስማሙበት ነጥብ፣ ወይም ደራሲው ያንን ነገር በምን መንገድ እንዳወቀው። በእኛ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ብዙውን ጊዜም ተደብቆ የሚገኘው በግርጌ ማስታወሻ ውስጥ ነው። የግርጌ ማስታወሻን የሚዘል አንባቢ የኢልቦለድን (ልብ ወለድ ያልሆነ ጽሑፍን) ግማሽ ጣዕም እየዘለለ ነው።

መፈተኛው አንድ ነው። መጽሐፉን ዝጉና ግኝቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለራሳችሁ ተናገሩ። ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም፤ ወደ ገጹ ተመለሱ ወይም ሌላ ምረጡ። ይህ ለእናንተም ጥቅም አለው። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ጽሑፉን ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ በተደረገ ፈተና በልጠው ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት በግልጽ በለጧቸው።

ማጣራት

ብዙዎች የሚዘሉት ክፍል ይህ ነው፤ ዋናው ግን እሱ ነው። የታተመ ሁሉ እውነት አይደለም፤ አስገራሚነቱ በጨመረ ቁጥር ደግሞ ጥርጣሬያችን መጨመር አለበት።

ስፒናች የተባለውን ቅጠላ ቅጠል ታሪክ ውሰዱ። ብዙ መጻሕፍት እንዲህ ይላሉ፦ በስፒናች ውስጥ ብዙ ብረት አለ የሚለው እምነት የመጣው አንድ ተመራማሪ የአሥርዮሽ ነጥብ ያለ ቦታዋ አስቀምጦ መጠኑን አሥር እጥፍ ስላደረገው ነው። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ስለ ጥንቃቄ ያስተምራል፣ ለመንገርም ይጥማል። የደም ሐኪሙ ቲ. ጄ. ሃምብሊን እ.ኤ.አ. በ1981 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፈው፤ ብዙዎችም ከዚያ ቀዱት። ተመራማሪው ማይክ ሰተን እ.ኤ.አ. በ2010 ምንጩን ወደ ኋላ ሲከታተል ግን ለነጥቧ ስህተት ማስረጃ አላገኘም። ኖርዌያዊው ኦሌ ቢዮርን ሬክዳል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 እንዲህ ያለ ተረት በምሁራን ጽሑፎች ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ ይህንኑ ምሳሌ አድርጎ አሳየ፤ አንዱ ሌላውን ይጠቅሳል፣ የመጀመሪያውን የሚከፍት የለም። ስለ ጥንቃቄ የሚያስተምረው ታሪክ ራሱ ያለ ጥንቃቄ የተቀባበሉት ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ግኝት ሃያ ደቂቃ መድቡ፤ በሚከተለው ቅደም ተከተል ሥሩ።

መጀመሪያ ደራሲው ምንጭ ሰጥቷል ወይ? የግርጌውን ወይም የመጽሐፉን ኋላ ማስታወሻ ተመልከቱ። ምንም ከሌለ ግኝቱ «ደራሲው እንደሚለው» ተብሎ ብቻ ይላካል።

ቀጥሎ ምንጩን ክፈቱ። የምርምር ጽሑፍ ከሆነ አጠቃሎው (ከፊቱ ያለው አጭር ማጠቃለያ) ብዙውን ጊዜ በነፃ ይገኛል። እዚያ የምትፈልጉት ሁለት ነገር ነው፦ ጥናቱ በእርግጥ ያንን ብሏል ወይ፣ የተጠናውስ በማን ላይ ነው። በ40 ተማሪዎች ላይ የተገኘ ውጤት መጽሐፉ ውስጥ ሲደርስ «ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ» ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛ ዓመቱን እዩ። በሥነ ልቦና ላይ ይህ በተለይ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ትልቅ የመደጋገም ሙከራ ተመራማሪዎች 100 የሥነ ልቦና ጥናቶችን እንደገና ሠርተው ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው በስታቲስቲክስ ረገድ ትርጉም ያለው፣ ማለትም በአጋጣሚ ብቻ የመጣ የማይመስል ውጤት ዘግበው ነበር፤ በድጋሚው ያንን ያገኙት 36 በመቶው ናቸው። ከዚያ ዓመት በፊት የታተመ መጽሐፍ ሁሉ ይጣል ማለት አይደለም፤ ከውስጡ የወጣች አስደናቂ ሙከራ ግን ከመላኳ በፊት በስሟ ትፈለግ። የሙከራውን ስም «ተደገመ» ከሚል ቃል ጋር አድርጋችሁ፣ ጥናቱ በተጻፈበት ቋንቋ ፈልጉ።

አራተኛ ቁጥር ካለ መነሻውን አብራችሁ ስጡ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ መብላት የትልቁን አንጀት ካንሰር አደጋ በ18 በመቶ እንደሚጨምር ሲያስታውቅ፣ ብዙ ሰው ከመቶ 18ቱ ይታመማሉ ብሎ ተረዳው። ጭማሪው ግን በነበረው ላይ ነው። ከ100 ሰዎች 5ቱ የሚታመሙ ቢሆን ወደ 6 ገደማ ይደርሳሉ ማለት ነው። «በ18 በመቶ» ብቻ ብሎ የሚልክ ሰው አልዋሸም፤ ወዳጁን ግን አሳስቶታል። መነሻውን ካላገኛችሁ መቶኛውን ተዉት።

የታዋቂ ሰው ጥቅስ ከሆነ መጽሐፉ፣ ደብዳቤው ወይም ንግግሩ፣ እንዲሁም ቀኑ እስካልተገኘ ድረስ አትላኩት። አንስታይን ያላላቸው ነገሮች ብዛት ካላቸው ሳይበልጥ አይቀርም።

ሃያው ደቂቃ አልቆ ካልተረጋገጠስ? ሁለት መንገድ አለ፤ ግኝቱን ለሚቀጥለው ሳምንት ማቆየት፣ ወይም ጥርጣሬውን ራሱን ግኝት ማድረግ፦ «ይህን አነበብኩ፣ ምንጩን ፈልጌ አጣሁ፤ የሚያውቅ አለ?»። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የተሻለ ውይይት ይወልዳል፤ አንባቢ ሁሉ መርማሪ መሆን ይወዳልና።

መጻፍ

ልኩ ከ80 እስከ 120 ቃል ነው። ከዚያ ያነሰ እንደሆነ ምንጩ ወይም ምክንያቱ ይጎድላል፤ ከዚያ የበለጠ እንደሆነ «በኋላ አነበዋለሁ» ተብሎ ይታለፋል፣ በኋላ የሚባለውም አይመጣም። ግኝቱ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይቅደም። «ሰላም ወዳጆች፣ በዚህ ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ…» የሚል መግቢያ ውድ ቦታ ይበላል። ከግኝቱ ቀጥሎ አውዱ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ለምን እንዳስደነቃችሁ፣ ከዚያ ጥያቄ፣ በመጨረሻም ምንጩ። አንድ ምሳሌ እነሆ፦

«እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ሶሆ ኮሌራ ብዙ ሰው ሲፈጅ ሐኪሙ ጆን ስኖው በሽታው የሚመጣው በብሮድ ስትሪት ካለው የውሃ ፓምፕ እንደሆነ ደረሰበት፤ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ላይም የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው «እጀታው ተነቀለ፣ ወረርሽኙ ቆመ» ተብሎ ነው። ስኖው ራሱ ግን በቀጣዩ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነዋሪው ሸሽቶ ስለነበር በሽታው ከዚያ በፊት እየቀነሰ እንደነበርና እጀታው ሲነቀል ውሃው ገና በሽታውን ይዞ እንደነበር ወይስ ጠርቶ እንደነበር መለየት እንደማይቻል ጽፏል። የገረመኝ ድሉ በእጁ ሳለ የድሉን ልክ አሳንሶ መናገሩ ነው። ከምታነቧቸው ውስጥ በራሱ ማስረጃ ላይ እንዲህ የጨከነ ደራሲ ታውቃላችሁ?»

ከዚህ በታች የመጽሐፉ ርዕስ፣ ደራሲው፣ የእትሙ ዓመትና ገጹ በአንድ መስመር ይገባሉ። የጥያቄውን ዓይነት ልብ በሉ። «ምን ትላላችሁ?» የሚል ጥያቄ ሁሉን ይጋብዛል፣ ማንንም አያናግርም። መልሱ ከሌላው ሰው ንባብ የሚመጣ ጥያቄ ግን ስኖውን የማያውቀውም ሰው እንዲገባበት በር ይከፍታል። «እኔን» የሚያሳየው ዓረፍተ ነገርም አንድ ብቻ እንደሆነ እዩ፤ ከጎደለ ማስታወሻው ከመዝገበ ዕውቀት የተቀዳ ይመስላል፣ ሦስት ከሆነ ደግሞ ግኝቱ ይሸፈናል።

የደራሲውን ቃል ስትጠቅሱ ቃል በቃል ይሁን፣ በትእምርተ ጥቅስ ይግባ፣ ከ50 ቃል አይብለጥ። ከመካከል የዘለላችሁት ካለ በሦስት ነጥብ አሳዩ፤ በዘለላችሁት ውስጥ «ምናልባት» ወይም «ከጥቂቶች በቀር» የሚል ቃል ካለ ግን መዝለል የደራሲውን ሐሳብ መለወጥ ነውና አትዝለሉት። ከሌላ ቋንቋ ተርጉማችሁ ከሆነ «ትርጉሙ የእኔ» ብላችሁ ጻፉ፤ ቃሉን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ፣ ደራሲው አይደለም።

ሙሉ ምዕራፍ ፎቶ አንስቶ ወይም ፒዲኤፉን መላክ ማካፈል አይደለም። የደራሲን መብት የሚመለከተው የበርን ስምምነት በ10ኛ አንቀጹ ከታተመ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ለዓላማው የሚበቃውን ያህል፣ በተገቢው ልማድ፣ ምንጩንና ደራሲውን ጠርቶ። ከሕጉም ባሻገር ሌላ ነገር አለ፤ 400 ገጽ ፋይል የደረሰው ሰው እንደ ሽፋኑ ፎቶ ሁሉ የሚመልሰው ነገር የለውም።

ትንሽ ደስታ

ከግኝቱ በኋላ አንድ መስመር ተዉና ትንሹን ደስታ ጨምሩ፤ ከ30 ቃል አይብለጥ። ግኝቱ ስለ ዓለም ነው፤ ደስታው ስለ ሳምንታችሁ ነው። ከንባብ ጋር የተያያዘ ቢሆን ደስ ይላል፣ ግዴታ ግን አይደለም። የተዋሳችሁት መጽሐፍ ውስጥ የማታውቁት ሰው ያስቀመጠው ዕልባት፣ አውቶቡስ ዘግይቶ የተጨረሰ ምዕራፍ፣ ልጅ የጠየቀው መልስ የሌለው ጥያቄ፣ ለወራት ሲያስቸግር የነበረ ካርታ በድንገት ሲገባ።

የሚያበላሸው አጠቃላይነት ነው። «ለጤናዬና ለቤተሰቤ አመሰግናለሁ» የሚለው እውነት ነው፣ ክቡርም ነው፤ ግን በየሳምንቱ ሊጻፍ ስለሚችል በሦስተኛው ሳምንት ማንም አያነበውም። ደንቡ ይህ ነው፦ ባለፈው ሳምንት ሊጻፍ የማይችል ነገር ጻፉ። ቀኑን፣ ዕቃውን፣ የተባለውን ቃል ስጡ። «መልካም ንባብ ነበረኝ» ከማለት «ማክሰኞ መብራት ሲጠፋ የቀሩኝን ስድስት ገጾች በስልክ መብራት ጨረስኳቸው» ይሻላል።

ሳምንታዊ መሆኑም ጥሩ ነው። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማከላው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ በመጀመሪያው ሙከራ በየሳምንቱ የሚያመሰግኑባቸውን እስከ አምስት ነገሮች የጻፉ ተሳታፊዎች፣ ያማረራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። ለእኛ ዓላማ ግን አምስት ብዙ ነው፤ አንዱ በደንብ ከተነገረ ይበቃል።

ሐዘን ወይም ችግር በሞላበት ሳምንት ደስታ ፈልጉ ብሎ ማንንም ማስጨነቅ አይገባም። ግኝት ብቻ መላክ፣ ወይም «በዚህ ሳምንት የለኝም» ማለት የተፈቀደ መሆኑ ከመጀመሪያው ይነገር።

ማድረስ

ግኝት የሚለዋወጠው ቡድን ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ቢሆን ጥሩ ነው። ከአምስት ሲያንስ የሁለት ሰው መቅረት ሳምንቱን ያጠፋዋል፤ ከስምንት ሲበልጥ ሰዎች ማንበብ ያቆማሉ፣ ከዚያ ማካፈል ያቆማሉ። ሁላቸውም አንድ ዓይነት የሚያነቡ ባይሆኑ ይሻላል፤ የታሪክ አንባቢ በሥነ ሕይወት አንባቢ ፊት ሲያስረዳ ራሱ ያላየውን ያያል።

ፊት ለፊት የምትገናኙ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ደቂቃ ለመናገር፣ አምስት ደቂቃ ለጥያቄ መድቡ፤ ለሰባት ሰው አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ሰዓት የሚይዘው ሰው በየሳምንቱ ይቀየር። መጽሐፉን ይዛችሁ ኑ፣ ገጹ ተከፍቶ እጅ ለእጅ ይዙር። ገለጻው ከሦስት ደቂቃ ሲያልፍ ወደ መጽሐፍ ግምገማ ይለወጣል፤ ግምገማ ሌላ ሥራ ነው።

በስልክ የምትላላኩ ከሆነ ቀኑና ሰዓቱ የተወሰነ ይሁን። ግኝቶች በሳምንቱ ውስጥ ተበታትነው ሲመጡ እያንዳንዱ ብቻውን ይቀራል፤ በአንድ ምሽት ሲመጡ ግን ይነጋገራሉ። ቴሌግራም የምትጠቀሙ ከሆነ የመላኪያውን ምልክት ተጭናችሁ ስትቆዩ መልእክቱን ለተወሰነ ሰዓት ቀጠሮ መያዝ ይቻላል፤ ከሳምንቱ አጋማሽ ጽፎ ለማስቀመጥ ይመቻል። አንድ መልእክት እስከ 4,096 ፊደል ይይዛል፤ በፎቶ ሥር የሚጻፈው ግን ያለ ክፍያ በ1,024 ያበቃል። 120 የአማርኛ ቃል ከነቦታው በዚያ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ የገጹን ፎቶና ጽሑፉን በአንድ ላይ መላክ ይቻላል። ፎቶው ግን አንድ አንቀጽ ብቻ የሚያሳይ ሆኖ ተቆርጦ ይላክ። የድምፅ መልእክት የምትመርጡ ከሁለት ደቂቃ አታሳልፉ፤ ርዕሱንና ምንጩን ግን በጽሑፍ አስቀምጡ፤ ድምፅ በፍለጋ አይገኝም።

መልስ መስጠት

የእንዲህ ያለው ስብስብ ዕድሜ የሚወሰነው በመልሱ ጥራት ነው። ሼሊ ጌብልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ መልካም ነገር ለሌላ ሰው መንገር ከነገሩ ከራሱ በላይ ከተሻለ ስሜት ጋር የተያያዘ እንደሆነ፣ ሰሚው በንቃትና በደስታ ሲቀበልም ግንኙነቱ እንደሚሻል አግኝተዋል። «ጎበዝ» ብሎ ማለፍ በጎ ነው፣ ግን ንቁ አይደለም። ንቁ መልስ ከተላከው ውስጥ አንድ ቃል ያነሣል፦ «በዕልባቱ ላይ የተጻፈ ነገር ነበረው?»፣ «ስኖው ያንን የጻፈው ከሐኪሞች ተቃውሞ ስለነበረበት ይሆን?»።

እያንዳንዱ ሰው በሳምንት ቢያንስ ለሁለት ሰው እንዲህ ይመልስ። ሁሉም ለሁሉም ይመልስ ከተባለ ሥራ ይሆናል። ማንም ሳይመለስለት እንዳይቀር ደግሞ ቀላል መንገድ አለ፤ የስም ቅደም ተከተል አውጡና ሁሉም ከእሱ ቀጥለው ላሉት ሁለት ሰዎች ይመልስ፤ መጨረሻ ላይ ያለው ወደ መጀመሪያዎቹ ይዞራል። በየወሩ ቅደም ተከተሉን ለውጡት።

ስህተት ስታዩ ምንጩን ይዛችሁ አርሙ። «ይሄ ተረት ነው» የሚለው ሰውን ያሳፍራል፤ ያፈረ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት አይልክም። «እኔ ያገኘሁት ጽሑፍ እንዲህ ይላል፣ ገጹ ይኸውና፤ ያንተስ መጽሐፍ ከየት ወስዶት ይሆን?» ማለት ሥራውን ለሁለት ያካፍላል። የታረመው ሰው የመጀመሪያውን መልእክት አያጥፋው፤ ከሥሩ እርማቱን ይጨምር። ከወራት በኋላ ፈልጎ የሚያገኘው ሰው ሁለቱንም አብሮ ማየት አለበት።

ማስቀመጥ

አንድ ሰንጠረዥ ይበቃል፦ ቀን፣ ላኪ፣ ግኝቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ምንጭና ገጽ፣ ቁልፍ ቃል፣ እርማት። በየሳምንቱ የሚሞላው አንድ ተራኛ ይሁን፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ቁልፍ ቃል ከሁለት አይብለጥ። ፈላስፋው ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1686 ባሳተመው የማስታወሻ አያያዝ ዘዴ፣ እያንዳንዱን ርእስ በመጀመሪያ ፊደሉና ቀጥሎ በሚመጣው አናባቢ ብቻ እየመደበ ማውጫውን በሁለት ገጽ ላይ አስፍሮታል። የምትፈልገውን ለማግኘት ብዙ ምድብ እንደማያስፈልግ ከዚያ መማር ይቻላል።

የውጭ ደራሲ ስም በአማርኛ ሦስት ዓይነት ስለሚጻፍ በሽፋኑ ላይ ያለውን አጻጻፍም በሰንጠረዡ ውስጥ አስገቡ፤ አለዚያ ፍለጋው ይከሽፋል። ዓመት ስትጽፉ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ሳትለዩ አታስቀምጡ፤ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት በጸጥታ ይገባል። ISBN የሚባለውን የመጽሐፍ መለያ መመዝገብ ለሚወዱ፣ ከ2007 እ.ኤ.አ. ወዲህ 13 አሃዝ ነው፣ ከዚያ በፊት 10 ነበር። የድረ ገጽ ጽሑፍ ከሆነ ሊንኩን የድረ ገጾችን ቅጂ በሚያኖረው በኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን አስቀምጡና የተቀመጠውን አድራሻም ጨምሩ፤ ገጾች ይጠፋሉ።

ንባብ ባልነበረበት ሳምንት የሚጠቅመው ይህ ሰንጠረዥ ነው። ከሦስት ወር በላይ የቆየ አንድ ግኝት አውጡ፣ ምንጩን እንደገና ክፈቱ፣ እስካሁን እንደቆመ እዩና በሦስት ዓረፍተ ነገር ላኩት፦ ምን እንደነበር፣ አሁን ምን እንዳገኛችሁ፣ ሐሳባችሁ ተለውጦ እንደሆነ። ሁለት ሳምንት በተከታታይ የጠፋ ሰው ካለ ደግሞ በቡድኑ ፊት አትጥሩት። አንድ ሰው ለብቻው ይጻፍለት፣ ከዚህ በፊት የላከውን አንድ ግኝት አንሥቶ ስለሱ ይጠይቀው።